አንድ ዓመት የሞላት ዓምድ እና አንድ የዘገየች እርማት

ይህቺ ዓምድ በዚህ ሳምንት አንድ ዓመት ሞላት። ኬክ አልቆረስንም፣ ሻማም አላበራንም። አለቃዬ ግን ማኪያቶ ጋብዞኛል። ሲጋብዘኝም "ዓምዷ ስትጀመር ሦስት ወር ትቆያለች ብዬ ነበር" አለኝ። እንግዲህ ሦስት ወር የተባለች ልጅ አንድ ዓመት ሞልቷት ድክ ድክ እያለች ነው። ምስጋናው ለእናንተ ነው።

ማኪያቶው ግን በነፃ አልነበረም። "በዓመቱ ሰው በጣም የወደዳቸውን አምስት ጽሑፎች መርጠህ አቅርብ፣ ለምን እንደተወደዱም ጻፍ" የሚል ትዕዛዝ ተከትሎታል። ቀላል ስራ መስሎኝ ነበር። ደብተሬን ገልጬ ስቀመጥ ግን አንደኛ የወጣችው ጽሑፍ ላይ እጄ ተያዘ። ለምን እንደተያዘ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ከአምስተኛው እንጀምር።

መጀመሪያ ስለ ቆጠራው አንድ ነገር ልበል። ሳይንስ የለበትም። ቢሮ ስልክ ሲደወል አንድ ጭረት፣ ዘበኛው ጋ ደብዳቤ ሲቀመጥልኝ አንድ ጭረት፣ ሞባይሌ ላይ መልዕክት ሲገባ አንድ ጭረት፣ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው ሲከራከርበት ከሰማሁ ደግሞ ሁለት ጭረት። የሚደውለው የወደደ ብቻ አይደለም፣ የተናደደም ይደውላል። እንዲያውም የተናደደ ቀድሞ ነው የሚደውለው። ስለዚህ "የተወደዱ" ከማለት "ያነጋገሩ" ማለቱ ሳይሻል አይቀርም።

5ኛ፦ "ካታንጋ ነህ ወይስ ሚስማር ተራ?"

ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች የጻፍኩት ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ... የአዲስ አበባ ኳስ ተመልካች አድራሻው ቀበሌ ሳይሆን እነዚህ ናቸው። አንድ ሰው "የካታንጋ ልጅ ነኝ" ካላችሁ ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ድምፁ ለምን እንደሻከረ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ካታንጋ ስሙን ያገኘው የኛ ወታደሮች ኮንጎ ከዘመቱበት ዘመን ወሬ እንደሆነ ይነገራል። ያኔ በሬዲዮ የካታንጋ ስም ሲነሳ ግርግርና ጦርነት ነበር የሚወራው፣ እዚያ ያሉት ተመልካቾችም ሰላማዊ አልነበሩም አሉ። ይህንን ስጽፍ የመጣው ስልክ! አንዱ "ልክ ነህ" ይላል፣ ሌላው "ማን ነገረህ?" ይላል። የከማን አንሼ ሰዎች ደግሞ "ስለ እኛ አንድ መስመር ብቻ?" ብለው ተቀየሙኝ። ስማቸውን ልብ በሉ። ከማን አንሰው!

በጽሑፉ ውስጥ ሰው ይበልጥ የወደደው ግን ስለ ጋዜጣ ያነሳሁትን ነው። ስታዲየም የሚገዛ የስፖርት ጋዜጣ ሦስት ስራ አለው። መጀመሪያ ይነበባል፣ ቀጥሎ ታጥፎ ፀሐይ ይከላከላል፣ በመጨረሻም ይቀመጡበታል። እኛ ጋዜጠኞች ስንት ሌሊት ያደርንበትን ጽሑፍ ማን ላይ እንደሚያልቅ አውቀን ነው የምንጽፈው!

ለምን ተወደደ? ይመስለኛል ናፍቆት ነው። ያ ስታዲየም በ1954፣ በ1960 እና በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዷል። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደርቢ ሲኖር ከማለዳ ጀምሮ ሰልፉ እስከ የት እንደሚደርስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከ2013 ጀምሮ ግን ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ በቴሌቪዥን የሚታይ ሆነ። ብሔራዊ ቡድናችንም በካፍ የስታዲየም መስፈርት ምክንያት "የሜዳችን" የሚባለውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ለመጫወት ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ማለት ነው፣ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን። ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ግብፅን ማሸነፍ በስንት ዓመት የሚገኝ ነገር ነው፣ እሱንም ያለ ካታንጋ አሳለፍነው። አንድ አንባቢ "ልጄ ተዳረች፣ እኔ ግን ሰርጉን በፎቶ አየሁት" ብሎ ጽፎልኛል። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

4ኛ፦ "የሰሜን ለንደን በሽታ"

ይቺ በስድብ ብዛት ነው እዚህ የደረሰችው። ርዕሷ ስለ አርሰናል ደጋፊ ነው፣ ከተማችን ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ ለንደንን በካርታ ላይ እንኳ ያላየ የመርካቶ ልጅ እንዴት አርሰናል ተሸንፎ እራት አልበላም ይላል?

መልሱን የሰጡኝ ራሳቸው ደጋፊዎቹ ናቸው። አብዛኞቹ የተያዙት በአንድ ወቅት ነው። በ1996 የተጠናቀቀው ውድድር ላይ አርሰናል 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26ቱን አሸንፎ፣ 12ቱን አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ወሰደ። ሳይሸነፍ የቆየበት ጉዞ 49 ጨዋታ ደርሶ በጥቅምት 1997 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 2 ለ 0 ተቋረጠ። ያኔ ሄንሪን፣ ቪዬራንና ቤርካምፕን በዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ ይድናል ብላችሁ ነው? በሽታው ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ ተላለፈ። እኔ 49ኙን ለማየት አልደረስኩም፣ ታናሹ ግን የደረሰብኝን ደርሶብኛል።

የማንቸስተር ሰዎች ደግሞ ነሐሴ 22 ቀን 2003ን እንድጽፍላቸው ነበር የፈለጉት። 8 ለ 2! ጻፍኩላቸው። በማግስቱ የአርሰናል ደጋፊ ደውሎ "አንተ የማንቸስተር ቅጥረኛ!" አለኝ። ከሰዓት በኋላ የማንቸስተር ደጋፊ ደውሎ "ስለ 49 ጨዋታ አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ ስለ 8 ለ 2 አንድ መስመር? አርሰናልነትህ ያስታውቃል" አለኝ። ሁለቱም እኩል ከሰደቡኝ ሚዛኔ ልክ ነው ብዬ ተጽናናሁ። ማኪያቶ የጋበዘኝ አለቃዬ የየትኛው ደጋፊ እንደሆነ አልናገርም። እንጀራ ነው።

ጽሑፏ ውስጥ ግን ቁም ነገርም ነበር። ያንኑ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ሞልቶ የሚያድረው ልጅ የአገሩን ሊግ ተጫዋቾች አምስት ስም ጥራ ሲባል ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ይህንን የጻፍኩት ለመውቀስ አይደለም። የአርሰናል ልጅ ሄንሪ በየትኛው ጨዋታ ስንት እንዳገባ የሚያውቀው ተጽፎ፣ ተቀርጾ፣ ተደጋግሞ ስለሚቀርብለት ነው። የኛዎቹን ማን ጽፎ አስቀመጠለት? ይህቺን ጥያቄ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

3ኛ፦ "ቢጫ ካርዱን የሚቆጥረው ማን ነው?"

ይህንን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አልነበረም፣ እናንተም ስታነቡት ደስ አላላችሁም። ቢሆንም ስልኩ ለሦስት ቀን አላረፈም።

ታሪኩን ታስታውሳላችሁ። ሰኔ 9 ቀን 2005፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉ። ለ2014ቱ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የብራዚል ዓለም ዋንጫ ወደ መጨረሻው ዙር ማጣሪያ ያለፍን መሰለን። እኔ ያኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፣ ግን ያን ቀን መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎኛል። ጭፈራው ሳያልቅ ወሬ መጣ። ፊፋ ኢትዮጵያን እየመረመረ ነው ተባለ። ምንያህል ተሾመ በሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ሳለ ከቦትስዋና ጋር ከሜዳችን ውጪ ባደረግነው ጨዋታ ላይ ተሰልፏል ነው ነገሩ። ያንን ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ።

አንዳንዱ ሰው ያኔ ልጁን ነበር የሚወቅሰው። እኔ የጻፍኩት ሌላ ነው። ተጫዋች ስራው ኳስ መጫወት ነው፣ አሰልፉኝ ብሎ ራሱን በዝርዝር ውስጥ አይጽፍም። ሁለት ቢጫ ለመቁጠር ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የአንደኛ ክፍል ልጅ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ እና "እኔ ነኝ ኃላፊው" የሚል አንድ ሰው ይበቃል። በአንድ ገጽ ላይ ስም፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ካርድ። በቃ!

እግዚአብሔር ይመስገን ያ ቡድን ጠንካራ ነበር። ሦስት ነጥብ ተቀንሶበትም የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ በጥቅምት 2006 ናይጄሪያ መጣች። በኃይሉ አሰፋ ሲያስቆጥር አገሩ ሁሉ ተናወጠ፣ ኤመኒኬ ሁለት አገባና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። ዓለም ዋንጫው እዚያ ላይ ቀረ። ቢጫው ሳይሆን ናይጄሪያ ናት ያስቀረችን። ግን በደብተር ስህተት ልንቀር ለጥቂት ነበር፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለዚህ ጽሑፍ ከመጡት ደብዳቤዎች አንዷን ከደብተሬ ጋር አስቀምጫታለሁ። የጻፉልኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። "ልጄ፣ አገር የሚፈርሰው በትልቅ ስህተት ብቻ እንዳይመስልህ። መዝገብ ያልያዘ ቤት ሌባ ሳይገባበትም ይጎድላል" ይላሉ። ይህቺን አባባል ሳነብ ገና በራሴ ላይ እንደምትመጣ አላወቅኩም ነበር።

2ኛ፦ "ጥር 13"

ይህቺ ጽሑፍ የተወለደችው በአጋጣሚ ነው። ስለ 1954ቱ ዋንጫ ለመጻፍ ቀኑን ሳጣራ የፍጻሜው ጨዋታ ጥር 13 ሆኖ አገኘሁት። ጥር 13... ጥር 13... የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ። አዎ! በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ የተጫወትንበት ቀን ነው። ልክ በ51 ዓመቱ!

የመጀመሪያውን ጥር 13 አባቶቻችን ነግረውናል። አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አራት አገሮች ነበሩ፦ እኛ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳ እና ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ለፍጻሜ ግብፅ መጣች። ሁለት ጊዜ መራችን፣ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን። ሁለተኛዋን አቻ ያደረጋት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፣ 84ኛው ደቂቃ ላይ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን አገቡ። 4 ለ 2! ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሉቺያኖ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ያ ዋንጫ ተመልሶ እጃችን አልገባም።

ሁለተኛውን ጥር 13 ደግሞ እኛው አይተነዋል። በ1974 ሊቢያ ላይ ከተሳተፍን በኋላ 31 ዓመት ጠብቀን ነበር። የሄድነውም በስንት መከራ ነው። ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ ባገባነው በልጠን። ከዚያ ጥር 13፣ ኔልስፕሩት፣ ተጋጣሚያችን የአፍሪካ ሻምፒዮኗ ዛምቢያ። ሳላዲን ፔናልቲ ሳተ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ኤምቤሱማ ከእረፍት በፊት አገባብን። በአስር ሰው! ሁሉም ሰው "አለቀልን" ሲል አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። 1 ለ 1። ከዚያ በኋላ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ያቺ የአዳነ ጎል በውድድሩ ያገባናት ብቸኛ ጎል ሆና ቀረች።

ሁለቱን ጥር 13ቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ "የትኛው ይበልጣል?" ብዬ ጠየቅኩ። እንግዲህ ዋንጫ የተወሰደበትን ቀን አቻ ከተወጣበት ጋር ማወዳደር ሞኝነት ነው ያላችሁኝ ትክክል ናችሁ። ግን የደወለው ወጣት ሁሉ "የኔ ሁለተኛው ነው፣ ያየሁት እሱን ነዋ!" ነበር የሚለው። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ፣ በ1954 ልጅ ሆነው ስታዲየም እንደነበሩ የነገሩኝ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩልኝ። ሲጨርሱ "ይህንን ከኔ ጋር ያየው ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት አረፈ። አሁን 'ልክ ነህ' የሚለኝ ሰው የለም" አሉኝ።

ሉቺያኖ ቫሳሎም መስከረም 2015 ላይ በጣሊያን አርፏል። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 አርፏል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በ365 ጨዋታ 318 ጎል ያገባው፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 (እንደ ፈረንጆቹ) ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ካለፈ ቆይቷል። የሚያስታውሱት ሰዎች ሲያልፉ የቀረው ያልተጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያቺ ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጥያቄ ይህቺው ናት።

ማንም ያልደወለበት

ወደ አንደኛው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። በዓመቱ ውስጥ በጣም የለፋሁበት ጽሑፍ ከአምስቱ ውስጥ የለም። ስለ ሴቶች እግር ኳስ የጻፍኩት ነው። ሉሲዎቹ በ1997 መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሆነው እንደጨረሱ፣ ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ እንደተጫወተች፣ የንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፎ በህዳር 2017 ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ እንደተሳተፈ በሁለት ገጽ አቀረብኩ። ስንት ስልክ መጣ? ዜሮ። አንድም ጭረት የለም። ያኔ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አንስቼ ሞክሬዋለሁ። ይሰራል።

ይህንን የምነግራችሁ ለመውቀስ አይደለም (ትንሽ ለመውቀስ ነው)። ዛሬ ያልተጻፈው ነገ የሚናፈቅ ይሆናል ለማለት ነው። የ2017ቷ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ "ሞሮኮ ላይ ነበርኩ" ስትል "ልክ ነሽ" የሚላት መዝገብ ይኑር።

1ኛ፦ "አባቴና የ1980ው ዋንጫ"

እዚህ ላይ ነው እጄ የተያዘው።

ይህቺን ጽሑፍ የጻፍኳት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ገጹ ላይ ቦታ ተረፈና አለቃዬ "አንድ ነገር ሙላበት" አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ሲተርክልኝ ያደግኩትን ጻፍኩ። ታህሳስ 1980፣ የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ። መደበኛው 1 ለ 1 አለቀ። በፔናልቲ 5 ለ 4 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። በሬዲዮ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ያን ቀን አገሩን በሙሉ እንዴት እንዳስለቀሰ የማያውቅ የለም።

አባቴ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በጽሑፌ ላይ ካታንጋ ቆሞ፣ ፔናልቲው ሲመታ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል እያየ፣ የመጨረሻዋ ስትገባ የማያውቀውን ሰው አቅፎ እያለቀሰ፣ በግርግሩም አንድ ጫማው ጠፍቶበት እስከ መሿለኪያ በአንድ እግር ጫማ እንደሄደ ጻፍኩ። ምን አለፋችሁ፣ ስልኩ ተጨናነቀ። "የኔም አባት!" "እኔም እዚያው ነበርኩ!" "ጫማውን ያገኘሁት እኔ ልሁን?" የሚል ሁሉ መጣ። ጽሑፏን ቆርጠው ሱቃቸው ውስጥ የለጠፉም አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ሰው ደወሉ። ረጋ ያሉ፣ ትሁት ሰው ናቸው። "ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ" አሉኝ። "እኔም የዚያን ቀን ካታንጋ ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። አባትህ ፔናልቲው የተመታው በየትኛው ጎል እንደነበር ያስታውሳል?" አሉ። "እጠይቀዋለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ጠየቅኩት። አባቴ ዝም አለ። ቡናውን ጠጣ፣ ስኒውን አስቀመጠ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

"አላውቅም" አለኝ።

"እንዴት አታውቅም አባዬ?"

"ውስጥ አልነበርኩማ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የመግቢያ ብር አልነበረውም። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አጥር ስር ቆሞ ነበር ጨዋታውን የሰማው። አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ ነበር፣ ግን ዙሪያውን የከበበው ሰው ብዛት ለአባቴ ምንም አያሰማውም። ስለዚህ ስታዲየሙን ራሱን ነበር የሚያዳምጠው። "ሲጮህ አገባን፣ ጭጭ ሲል አገቡብን" አለኝ። ፔናልቲው ሲጀመር ከኪሱ ሽምብራ ቆሎ አውጥቶ የኛን በቀኝ እጁ፣ የነሱን በግራ እጁ እየያዘ ቆጠረ። ጩኸት፣ አንድ ወደ ቀኝ። ዝምታ፣ አንድ ወደ ግራ። በመጨረሻ የመጣው ጩኸት ግን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር፣ መሬቱ በጫማው ስር ተንቀጠቀጠ። እጁን ከፍቶ ቆጠረ። በቀኝ አምስት፣ በግራ አራት።

ማልቀሱ እውነት ነው። የማያውቀውን ሰው ማቀፉም እውነት ነው። ሰው ከስታዲየሙ እንደ ጎርፍ ሲወጣ ነው ያቀፈው። ጫማውም በእውነት ጠፍቷል።

"ታዲያ ለምን ካታንጋ አልከኝ?" አልኩት።

"ትንሽ ሆናችሁ 'አባዬ አንተ የት ነበርክ?' ስትሉኝ አጥር ስር ማለት አፈርኩ። የጎረቤት አባት ሁሉ ውስጥ ነበርኩ ይላል። አንዴ ካልኩት በኋላ ደግሞ ካታንጋ ራሱ ለመደኝ" አለኝ።

እውነቱን ያወቅኩት ያን ማታ ነው። በማግስቱ እርማት መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። ለምን? አንደኛ አባቴ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ደብተሬ ላይ ጭረቱ በየቀኑ እየጨመረ ነበር። ሰው የወደደውን ጽሑፍ በራሴ እጅ ማበላሸት ከበደኝ። "ማን ይጎዳል?" እያልኩ ወራት አለፉ። ያ ትሁት ሰውዬ መልሰው አልደወሉም። ይህም ይበልጥ ይከነክነኝ ነበር። ቢጫ ካርድ ያልቆጠረውን ኃላፊ በሙሉ ገጽ የወቀስኩት እኔ፣ የራሴን ደብተር አንድ ገጽ ገንጥዬ ኪሴ ውስጥ ደብቄ ነበር ማለት ነው።

የዓመቱ ዝርዝር ሲመጣ መሸሻ አጣሁ። ጽሑፏን አንደኛ ናት ብዬ እንደገና ላወድሳት ነው? ሁለተኛ ጊዜ መዋሸት ይሆናል። ባለፈው እሁድ አባቴ ጋ ሄድኩና "አባዬ፣ እውነቱን ልጽፈው ነው" አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበና "ጻፈው" አለኝ። ቀጥሎም "ግን ስትጽፍ አንድ ነገር እንዳትረሳ። እኛ አጥር ስር የነበርነው ከውስጡ ሰው አናንስም ነበር። እነሱ በዓይናቸው አዩ፣ እኛ ግን በሆዳችን ነው ያየነው" አለኝ።

አየሁት። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት የተሻለውን ታሪክ ደብቆ የተለመደውን ሲነግረኝ ኖሯል። ካታንጋ የቆመ ሰው ስንት ሺህ አለ! በሽምብራ ቆሎ ፔናልቲ የቆጠረ ግን እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የአንደኛ ዓመት በዓላችንን በዚህ እንዝጋ።

እርማት፦ በዚህ ዓምድ "አባቴና የ1980ው ዋንጫ" በሚል ርዕስ በወጣው ጽሑፍ ላይ የጸሐፊው አባት በፍጻሜው ጨዋታ ዕለት ካታንጋ እንደነበሩ ተገልጿል። ትክክል አይደለም። የነበሩት ከስታዲየሙ ውጪ፣ አጥር ስር ነው። ውጤቱ ግን በትክክል ተቆጥሯል፦ 5 ለ 4። ለደወሉልን ትሁት አንባቢ ይቅርታ እንጠይቃለን። ፔናልቲው የተመታው በየትኛው ጎል እንደነበር ከእሳቸው ለመስማት እንጓጓለን።

ሌሎቻችሁም ደውሉ። በተለይ ያን ቀን አጥር ስር የነበራችሁ። ደብተሩ ተከፍቷል።